ቆጣሪውን ማን ያንብበው?

የቤት ቆጣሪ ሲሠራ የታሰበው ለቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ቁም ሣጥን፣ ከበር በላይ ወይም ምድር ቤት ሲሰቀል፣ የሚያየው የእጅ ባትሪ ይዞ የሚዞር፣ ጎንበስ ቀና ማለት የማያስቸግረው ሠራተኛ ነው ተብሎ ነው። ዛሬ ሥራው በአብዛኛው ወደ ደንበኛው ዞሯል። እንግሊዝ አገር አሮጌ ቆጣሪ ያለው ሰው ቁጥሩን ራሱ አንብቦ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለአቅራቢው ኩባንያ ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ሂሳቡ በግምት ይመጣል። ግምቱ ካነሰ ዕዳው ሲከማች ቆይቶ አንድ ቀን በአንድ ላይ ዱብ ይላል፤ ከበዛ ደግሞ የጡረታ ገንዘብ ያለ አግባብ ኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል።

ለንደንና ሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ውስጥ ያረጁ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጥቂት አይደሉም። ልጆቻቸው ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ለእናቴ ምን ዓይነት ቆጣሪ ይሻላታል?» እያሉ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ይመስለኛል፦ የማይነበበው ምኑ ነው? ቦታው ነው፣ ብርሃኑ ነው፣ ቁጥሩ ነው ወይስ ዓይኑ?

የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚያስገባው ሲሶ ያህሉን ነው። ስለዚህ ልጁ «ይኸው በደንብ ይታያል እኮ!» የሚለው ቁጥር ለአባትየው ጨለማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ሁሉ ነገር ጭጋግ ይለብስበታል፤ በግራጫ መደብ ላይ የተጻፈ ግራጫ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋበታል። ግላኮማ ዙሪያውን ይጋርዳል። የማኩላ መጎዳት በተቃራኒው መካከሉን ነው የሚወስደው፤ ሰውየው ቆጣሪው የተሰቀለበትን ግድግዳ እያየ ቁጥሩን ብቻ ያጣል። ለአንዱ አንዲት ጥሩ አምፖል ትበቃዋለች፣ ለሌላው ማጉያ መነጽር ይረዳዋል፣ ለሦስተኛው ግን በድምፅ ካልተነገረው ሌላው አይጠቅመውም።

ከቆጣሪዎቹ ሁሉ ክፉው ባለ ሰዓቱ ነው። ዛሬም አንዳንድ ቤት አለ። ፊቱ ላይ ትንንሽ ክብ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ጎረቤቱ ወደ ግራ ይዞራል። ሕጉ ቀስቱ ያለፈውን ቁጥር መጻፍ ነው፦ በ4 እና በ5 መካከል ከሆነ 4 ይባላል። ተንኮሉ የሚመጣው ቀስቱ ልክ ቁጥር ላይ የቆመ ሲመስል ነው። የመቶው ሰዓት 7 ላይ ቆሟል እንበል። ወዲያው 7 ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ በስተቀኙ ያለው ሰዓት መታየት አለበት። እሱ በ9 እና በ0 መካከል ከሆነ ዙሩን ገና አልጨረሰም፣ ስለዚህ የመቶው ቁጥር 6 ነው። ይህችን የሳተ ሰው 100 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሮ አሳወቀ ማለት ነው። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሩብ ፓውንድ ገደማ በሚያስከፍልበት አገር ስህተቷ ወደ 25 ፓውንድ ትጠጋለች። በሚቀጥለው ንባብ ትስተካከላለች፤ እስከዚያ ግን ገንዘቡ የለም። ደህና ዓይን ያለው ሰው እንኳ የሚሳሳትበትን ነገር ከ80 ዓመት አዛውንት መጠበቅ አግባብ አይመስለኝም።

የጋዙም የራሱ ጣጣ አለው። አሮጌዎቹ በኪዩቢክ ጫማ፣ አዳዲሶቹ በኪዩቢክ ሜትር ይቆጥራሉ። በአሮጌው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ቆጣሪው ተቀይሮ መዝገቡ ላይ ያለው ዓይነት ሳይቀየር ከቀረ፣ ሂሳቡ ወደ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የአዛውንት ቤት ቆጣሪ በተለወጠ ቀን የአሮጌውን የመጨረሻ ቁጥርና የአዲሱን መነሻ በስልክ ፎቶ ማንሳት የልጅ ሥራ ነው።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ዋናው በር በእንግሊዝኛ «ፕራዮሪቲ ሰርቪስስ ሬጂስተር» የሚባለው የቅድሚያ አገልግሎት መዝገብ ነው። በኃይል ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኦፍጄም ደንብ መሠረት አቅራቢ ኩባንያዎች በነፃ ይመዘግባሉ። የጡረታ ዕድሜ የደረሰ፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለበት፣ አካል ጉዳተኛ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ይገባዋል፤ እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገር ወይም የማያነብ ሰውም እንዲሁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። የተመዘገበ ሰው ሂሳቡ በትልልቅ ፊደል፣ በብሬል ወይም በድምፅ እንዲደርሰው መጠየቅ ይችላል። ቆጣሪውን የሚያነብለት ሰው ከሌለም ኩባንያው በየጊዜው ሰው ልኮ እንዲያስነብብለት ይጠይቃል። ደብዳቤው በቀጥታ ለልጅ ወይም ለሚያምነው ጎረቤት እንዲላክም ማድረግ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየወሩ በር የሚያንኳኳውን ቆጣሪ አንባቢ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዝ አገር ግን አንባቢው እንዲመጣ መመዝገብ ያስፈልጋል።

የቆጣሪውን ቦታ የማስለወጥ ጉዳይ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቆጣሪው ቅድሚያ ተከፍሎበት የሚሠራ፣ ማለትም ካርድ ወይም ቁልፍ እየተሞላ የሚሰካበት ከሆነና ደንበኛው ያለ አደጋ የማይደርስበት ከሆነ፣ ኩባንያው ያለ ክፍያ ወደሚደረስበት ቦታ ማዛወር ወይም ሌላ የአከፋፈል መንገድ መስጠት አለበት። በርጩማ ላይ ወጥቶ ካርድ የሚሰካ አዛውንት «ለምጄዋለሁ» ቢልም መተው የለበትም። በወሩ መጨረሻ የሚከፈልበት ተራ ቆጣሪ ከሆነ ግን ለማዛወር ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው በ2010 ከወጣው የእኩልነት ሕግ ጋር ተያይዞ እንደ አካል ጉዳት ማመቻቻ ቢቀርብ ክብደት ያገኛል። ዕዳ ያለበትን ሰው ያለ ፈቃዱ ወደ ቅድሚያ ክፍያ ማዛወርም ቢሆን ወሰን ተበጅቶለታል፤ ከኅዳር 2023 ጀምሮ ቤት ውስጥ ረዳት የሌለው 75 ዓመት የሞላው ሰው ቤት በግድ መግጠም አይፈቀድም።

አሁን ወደ ስማርት ሜትር። ንባቡን ራሱ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ማንም ከደረጃ ሥር አይንበረከክም። ለአዛውንት ቤት ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ሁለት ነገር ግን ከመፈረም በፊት ይታሰብ። አንደኛ፣ መላኩን ያቆመ ስማርት ሜትር አለ። ያን ጊዜ ቁጥሩን ለማግኘት ቆጣሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች እየተጫኑ፣ በደበዘዘች ትንሽ መስኮት የሚያልፉትን ገጾች መጠበቅ ነው፤ አሮጌው ጥቁር በነጭ ቁጥር ከዚህ ይሻል ነበር ያሰኛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሆነም የተሞላው ሂሳብ በራሱ ሳይገባ ሲቀር ባለ 20 አሃዝ ቁጥር በእጅ ማስገባት ይመጣል። ሁለተኛ፣ ከቆጣሪው ጋር የሚሰጠው የሳሎን ስክሪን ራሱ ሌላ የማይነበብ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ አያውቅም፤ ኩባንያው ብቻ ያውቃል።

ለዚህ የተሠራ ሌላ ስክሪን አለ። በ1868 የተመሠረተው የዓይነ ስውራን ንጉሣዊ ብሔራዊ ተቋም ምክር ታክሎበት የተሠራ ነው። በእጅ ተዳስሰው የሚለዩ ጎላ ጎላ ያሉ ቁልፎች አሉት፣ ጽሑፉ ከመደቡ በግልጽ ይለያል፣ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ የዕለቱን ፍጆታ በድምፅ ይናገራል። የሚናገረው በእንግሊዝኛ መሆኑ ለእኛ እናቶች ጉድለት ነው፤ ቁጥር ለመስማት ግን ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ኩባንያው በራሱ ያመጣዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የገጠማ ቀጠሮ ሲያዝ «አክሰሲብል ኢን ሆም ዲስፕሌይ» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነው። ቆጣሪው ምድር ቤት፣ መኖሪያው አምስተኛ ፎቅ ከሆነም ምልክቱ ስክሪኑ ድረስ ይደርስ እንደሆነ በዚያው ይጠየቅ።

ቀጠሮው ሲያዝ የይለፍ ቃልም ይቀመጥ። የተመዘገበ ደንበኛ ከኩባንያው ጋር አንድ ቃል ይስማማል፤ በር ያንኳኳው ሠራተኛ ቃሉን ካልተናገረ አይገባም። መታወቂያውን አንብቦ ማጣራት ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። ቃሉ አማርኛ ባይሆን ይመረጣል፤ እንግሊዛዊው ቴክኒሻን «ጤናዳም» ማለት አቅቶት ደጅ ሲቆም ቀጠሮው ይበላሻል።

ሌላ አቅራቢ የመረጠ ሰው አዲሱ ዘንድ እንደገና ይመዝገብ፤ የድሮው ምዝገባ ይከተለኛል ብሎ አይተማመን። መብራት ሲጠፋ የሚደወልበት 105 ደግሞ የአቅራቢው ሳይሆን የመስመሩ ባለቤት ስልክ ነው፤ እነሱም የራሳቸው መዝገብ ስላላቸው እዚያም ስም ማስገባት ያስፈልጋል።