ሺታኬ፦ ከግንድ እስከ መጥበሻ

ከጃፓን ኩሽና ብልሃቶች አንዱን ለማየት የሺታኬ እንጉዳይ ባርኔጣ ፍም ላይ ሲጠበስ መመልከት ይበቃል። ባርኔጣው ተገልብጦ፣ እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተደረደረው ሆዱ ወደ ላይ ዞሮ ይቀመጣል። ሲሞቅ ውኃው ያቸፈችፍና ጽዋ በመሰለው ጉድጓድ ይጠራቀማል። ጥቂት ጠብታ የአኩሪ አተር ስጎ ይጨመርበታል፤ አለቀ።

ስሙም ጃፓንኛ ነው፦ «ሺ» የአንድ ዛፍ ስም፣ «ታኬ» እንጉዳይ። ቻይናውያን ግን «ሺያንግጉ»፣ ባለ መዓዛ እንጉዳይ፣ ይሉታል፤ ማልማቱንም የቀደሙት እነሱ ናቸው። ዋንግ ዤን እ.ኤ.አ. በ1313 ባዘጋጀው የግብርና መጽሐፍ ላይ ዘዴው ሰፍሯል፦ ግንድ ይጣላል፣ በመጥረቢያ ይቆሳስላል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንጉዳዩ «እንዲደነግጥ» በመዶሻ ይደበደባል። ቀልድ ይመስላል፤ ዛሬም ግን ግንዱን መምታትና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር እንጉዳዩን ቀስቅሶ ለማውጣት ያገለግላል።

በዚያ በድሮው ዘዴ ዘሩን ያመጣ የነበረው ነፋስ ነው። ጃፓናዊው ኪሳኩ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሺታኬው የተዛመተባቸውን ትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች ግንዱ ውስጥ መሰካትን ካመጣ በኋላ ገበሬው ነፋስ መጠበቁን ተወ። አሁን አብዛኛው ምርት የሚገኘው ከረጢት ውስጥ ከታመቀ ሰጋቱራ ነው፤ ግንድ ላይ ዓመት ይፈጅ የነበረው በወራት ይደርሳል።

እርጥቡና ደረቁ ሺታኬ እንደ አንድ ነገር መታየት የለባቸውም። አኪራ ኩኒናካ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሺታኬ ጋር ያያዘው ጓኒሌት የተባለ የጣዕም ንጥረ ነገር በብዛት ያለው በደረቁ ነው፤ ስለዚህ ለመረቅ ደረቁን የሚያህል የለም። የእርጥቡ ጸጋ ሥጋው ነው፦ ወፍራም፣ ለጥርስ የሚመች፣ መጥበሻ የማይፈራ።

ጠላቱ ውኃ ነው። መዘፍዘፍ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። እግሩ እንደ ጅማት ስለሚጠነክር ተቆርጦ ይወጣል፤ መጣል ግን ያሳዝናል፣ መረቅ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይሠራል። የተከተፈው ባርኔጣ በጋለ መጥበሻ ላይ ሳይደራረብ ይበተናል። መጀመሪያ ውኃውን ይለቃል፣ ከዚያ ይመጥጣል፣ በመጨረሻ ዳር ዳሩ ይቀላል። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲያቁላላ የኖረ እጅ ይህን ትዕግሥት ከማንም አይማርም። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል።

ጥሬውን መቅመስ ግን አይመከርም። ሌንቲናን የተባለው ንጥረ ነገሩ በሚገባ ካልበሰለ በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ በአለንጋ የተገረፈ የሚመስል ቀይ ሽፍታ ያወጣል፤ የጃፓን ሐኪሞች ይህን የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ለማቆየት የወረቀት ከረጢት ይመረጣል፤ ላስቲክ ውስጥ ያልበውና ይሟልጫል። ከመብሰሉ በፊት ሽንሽኑን ወደ ፀሐይ አዙሮ ጥቂት ማስጣትም አይከፋም፤ ቫይታሚን ዲው ይጨምራል።