ልኩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ላኩልኝ

የጭኮ አሠራር ጻፊልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ዛሬ እጽፋለሁ። ግን በልክና በሰዓት ብቻ የተላከ አሠራር መንገድ ላይ ይቀራል ባይ ነኝ። ይህን ያስተማሩኝ ጓደኞቼ ናቸው። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ልጆች ነን። አንዷ ነቀምቴ ገብታለች፣ አንዷ ወሊሶ አግብታለች፣ አንዱ ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዷ ዋሽንግተን ትኖራለች፣ እኔ አምቦ አለሁ። ስንጻጻፍ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው "ዛሬ ምን ሠራችሁ?" ነው።

የዋሽንግተኗ ጓደኛችን እናት ጄልዱ ናቸው። አንድ ጊዜ የባቄላ ንፍሮ አምሯት ደወለችላቸውና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቃ ጻፈች። እንደተባለችው ብትቀቅለው ባቄላው ፈራርሶ ገንፎ ሆነ። "ባቄላችን አሜሪካ ሲገባ ሰነፈ" ብላ ፎቶውን ላከችልን፤ ስንስቅ አመሸን። ባቄላው ግን አልሰነፈም። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ የሚፈላው ግን በዝቅተኛ ሙቀት ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ወደ ጄልዱ ስትወጡ ይህ ቁጥር የበለጠ ይወርዳል፣ ወደ ባኮ ስትወርዱ ከፍ ይላል። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማትል ውሃው 100 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። የጄልዱ ሰዓት እዚያ አይሠራም። እናትየው እንደሆነ ሰዓት አይቆጥሩም፤ ልጃቸው ስለጠየቀቻቸው ነው የገመቱላት። እሳቸው አንድ ፍሬ አውጥተው በሁለት ጣት ይጫኑታል። ልጣጩ ሳይላቀቅ ውስጡ ከደቀቀ ድስቱ ይወርዳል። ይህ መለኪያ ጄልዱም ዋሽንግተንም ይሠራል።

አሁን በቅቤ ወደሚታሸው የገብስ ምግብ፣ ወደ ጭኮው። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ይለቅ። ከዚያ በመካከለኛ እሳት ይቆላ። ማረር የለበትም፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላና ፍሬው ጥርስ ስር ከሽ ሲል ይበቃዋል። ሲቀዘቅዝ ይፈጭና በወንፊት ይነፋ። ቅቤው በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በእርድና በአብሽ የተነጠረ ይሁን። ለሁለት ብርጭቆ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ የቀለጠ ቅቤ ጀምሩ፤ ጨው ጨምሩበት፣ የሚወድ ሚጥሚጣም ይጨምር። በእጅ እሹት። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ ከቀረ ደርሷል፤ ከተበተነ ቅቤ ይፈልጋል፤ መዳፋችሁ ላይ ዘይት ካንጠባጠበ ዱቄት መልሱበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። መቆላቱ ገብሱን ያደርቀዋል፣ ጣዕሙንም ያወጣዋል። ማንጠሩ በቅቤው ውስጥ የነበረውን ውሃ ያተነዋል፣ የወተቱን ርዝራዥ ደግሞ ከታች ያስቀረዋል። ሁለት ደረቅ ነገሮች ሲገናኙ ሻጋታ የሚበቅልበት እርጥበት አያገኝም። ጭኮ ተማሪው ዶርም ውስጥ፣ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ሳምንታት የሚቆይለት በዚህ ነው። ስለዚህ እርጥብ ማንኪያ እንዳታስገቡበት አደራ። ዕቃውም ይከደን፤ ቅቤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ሽታውና ጣዕሙ ይበላሻል።

የደብረ ብርሃኑ ጓደኛችን የገብስ አገር ሰው ነው። በሶ ሲጠጣ ያደገ ልጅ መጀመሪያ ጭኮ ሲቀምስ "ይሄማ በሶ ነው፤ በሠርጉ ቀን!" አለ። በነገራችን ላይ ቲቤቶችም የተቆላ ገብስ ዱቄት በያክ ቅቤና በሻይ አሽተው ይበላሉ፤ ለመንገደኛም ስንቅ ነው። ብርዳማ ከፍታ፣ ገብስና ከብት የተገናኙበት አገር ሁሉ ወደ አንድ ምግብ የሚደርስ ይመስለኛል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ ባየው የገብስ ዓይነት ብዛት ተደንቋል። እናቶቻችን ለጭኮ የትኛው ገብስ እንደሚሻል ዛሬም ለይተው ይነግሯችኋል፤ ይህን ዕውቀት ሳንጽፈው እንዳያልፍ በጣም እሰጋለሁ።

ወደ አምቦ የመጣ እንግዳ የሚቀልደው ስለ ውሃችን ነው። ያው የደብረ ብርሃኑ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ከጎነጨ በኋላ "ይሄ ውሃ ተቆጥቷል፣ ምን አደረጋችሁት?" ብሎን ነበር። ማንም ምንም አላደረገውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሰንቀሌ ከነጋዙ ከመሬት ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮም በጠርሙስ እየታሸገ ይሸጣል። እኛ ቤት የጨጨብሳውን ቂጣ የምናቦካው በእሱ ነው። ጋዙ ሊጡን ውስጥ ውስጡን ያነፋዋል፤ ቂጣው ለስልሶ ሲቆራረስ ቅቤና በርበሬ የሚገባበት ቀዳዳ ያገኛል። ውሃው ባይካርቦኔትም አለው፤ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ነገር ማለት ነው። ምጣዱ ላይ ሲሞቅ ተጨማሪ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ ጠርሙሱ ወዲያው የተከፈተ ይሁን፣ ሊጡን ብዙ አትሹት፣ ሳይቆይ ጋግሩት፣ ውሃው ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ጨው ቀንሱ።

የዋሽንግተኗ ይህን ስትሰማ እዚያ ከሱፐርማርኬት በሚገዛ ጋዝ ውሃ ሞከረችው። ለሰለሰላት፣ ግን ጣዕም አጣ። የዚያኛው ውሃ ጋዝ እንጂ የአምቦን ማዕድን አልያዘም፤ ጨው ጨምሪ አልኳት፣ ተስተካከለ። በዚያው ውሃ እንጀራም ትጋግራለች፤ ውጭ አገር ብዙ ሰው ሲቸኩል እንዲህ ያደርጋል። ፎቶ ስትልክ የደብረ ብርሃኑ "ዓይን አለው፣ ግን አያየንም" አለ። እውነቱን ነው። ዓይን የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ የእንጀራን ኮምጣጣ ጣዕም የሚሰጠው ግን እርሾው ሁለት ሦስት ቀን የሚሠራው ሥራ ነው። ለዚያ አቋራጭ የለውም።

የነቀምቴዋ የላከችልን ቡና ቀላ ደግሞ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። የደረቀው የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ በጥርስ ይነከሳል፣ ከዚያ በቅቤ ይበስላል፤ ጫፉ የሚነከሰው ቅቤው ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው። ከቆሎ ጋር ይበላል። "ቡና ይጠጣል እንጂ ይበላል እንዴ?" ስንላት "እናንተ ውሃውን ጠጥታችሁ ፍሬውን የምትጥሉት ናችሁ የሚገርሙት" አለችን። አንጮቴንም ያስለመደችን እሷ ናት። ሥሩ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ሲበስል ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል፤ ከዚያ በቅቤ ይታሻል። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለአራስ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ በእርግጥም በካልሲየም የበለጸገ ነው።

መገናኘት ስንፈልግ ወንጪ እንሄዳለን፤ ሐይቁ በአምቦና በወሊሶ መካከል ስለሆነ የወሊሶዋም እኔም ብዙ አንደክምም። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሏታል። እዚያ የምንበላው ቆጮ በጎመንና በአይብ ነው፤ ማሩም አይረሳም። የደብረ ብርሃኑ በመጀመሪያው ቀን ጥርሱ መሃል የገባውን ክር እየጎተተ "ምግቡን ነው ገመዱን የሰጣችሁኝ?" ሲል የወሊሶዋ "ገመዱማ ለብቻው ይሸጣል" አለችው። እውነትም የእንሰት ቃጫ ገመድ ይሆናል። ቆጮ ከመጋገሩ በፊት በቢላ ደጋግሞ የሚከተፈው ለዚህ ቃጫ ነው፤ የሚጨመቀው ደግሞ ከጉድጓድ ሲወጣ የያዘው ውሃ እንዲወጣና ሲጋገር እንዳይላቁጥ ነው። ቆጮ አይጣፍጥም የሚል ሰው የገጠመው በደንብ ያልተከተፈ ይመስለኛል።

ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ሆለታ ያላችሁ፣ የቤታችሁን አሠራር ላኩልኝ። ባኮ ያላችሁ፣ የበቆሎ ቂጣችሁ ለምን እንደኛ እንደማይሰነጠቅ ንገሩኝ። እናቶቻችሁን "ስንት ደቂቃ?" ብቻ አትበሏቸው፤ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቋቸውና የመለሱላችሁን እንዳለ ጻፉልኝ።