ዓመቱ የቆመ ብር

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኮኪት፣ ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ በጆንያ በሚሞላበት ወራት፣ የቆላው ሐሩር ገና ባልበረታበት ማለዳ፣ አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው በመዳፌ ላይ ያኖሩልኝ ጠገራ ብር የዚህ ሐተታ መነሻ ሆነ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ብር አጤ ዮሐንስ በወደቁበት ሜዳ የተገኘ ነው፤ አባቴ ከአባቱ ተቀብሎ ለእኔ አቆየልኝ። የተማረ ልጅም አንብቦልኛል፤ 1780 ይላል። እንግዲህ ቍጠረው፤ ንጉሡ ከመውደቃቸው በፊት መቶ አንድ ዓመት ነው።»

የሽማግሌው ሒሳብ እንደ ሒሳብ ጕድለት አልነበረበትም፤ ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት መተማ ላይ የቈሰሉት በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት ነውና፣ ከዚያ ላይ 1780 ቢቀነስ የሚቀረው መቶ አንድ ነው። ስሕተቱ ያለው በአኃዙ አነባበብ ላይ ነው፤ ያውም በሁለት ወገን። በብሩ ላይ የተቀረጸው ዘመን በኛ ባሕረ ሐሳብ ሳይሆን በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑ ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ከዚህ የከበደው፣ በአዲስ አበባ የቅርሳ ቅርስ መደብሮች ደጅ ሲመላለሱ የኖሩትን ሊቃውንት ሰብሳቢዎች ጭምር ሲያስት ያየሁት፣ 1780 የሚለው ቍጥር ብሩ የተወለደበትን ዓመት ይናገራል ብሎ ማመን ነው።

በአብነት ትምህርት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ለየብቻ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ዳዊትን ተርጓሚ አይባልም። የጠገራ ሰብሳቢዎችም፣ ይህን ጸሓፊ በወጣትነቱ ጨምሮ፣ አብዛኞቻችን ከንባብ ቤት ሳንወጣ ስለ ዋጋ እንከራከራለን።

የብሩ ባለ መልክ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በኦስትሪያ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1740 እስከ 1780 የነገሠች፣ በዚያው በ1780 በኖቬምበር ወር በ29ኛው ቀን ያረፈች ንግሥት ናት። በመልኳ የተቀረጸው ብር መጀመሪያ የወጣው በ1741 ሲሆን፣ ባሏ ቀዳማዊ ፍራንትስ በ1765 ከሞተ በኋላ ግን መልኳ የመበለት ሻሽ ተከናንቦ ተቀረጸ፤ እኛ አገር የምናውቃት በዚሁ በኀዘን ልብሷ ነው። ንግሥቲቱ ስትሞት ልማዱ የሚያዘው የተተኪውን ንጉሥ መልክ በብሩ ላይ መቅረጽ ነበር፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለው ነጋዴ፣ ቡናውንና ሰሙን፣ ዝባዱንና ቈዳውን በዚህች ሴት መልክ እንጂ በሌላ አልለውጥም ስላለ፣ የኦስትሪያ ገንዘብ ማተሚያ ቤቶች የሞተችበትን ዓመት እንደ ያዙ፣ አንዲት አኃዝ ሳይለውጡ ማተማቸውን ቀጠሉ። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 ይህን ብር ከሕጋዊ ገንዘብነት ስትሽረው እንኳ ለውጭ ንግድ መታተሙ አልቆመም። ሰውዬው ሞቶ ስሙ በደብዳቤ መፈረሙን ያልተወ ያህል ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የሰብሳቢውን ነገር የባሰ ያወሳስበዋል። ቪየና ብቻዋን አላተመችውም፤ ፕራግም፣ ሚላኖም፣ ቬኔሲያም አትመውታል። የእንግሊዝ ጦር በዚያው በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1868 መቅደላ ሲወጣ፣ በየመንገዱ መኖና ስንቅ የገዛው ለዚሁ ዘመቻ ቪየና ላይ እንደ ገና በታተመ ጠገራ ነበር። በ1935 ደግሞ ኢጣሊያ በአገራችን ላይ ልትዘምት ስትሰናዳ፣ የብሩን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ማተም ጀመረች፤ ይህን ያየችው እንግሊዝ የራሷ ንግድ እንዳይታነቅ በ1936 በለንደን አተመች፤ ፓሪስና ብሩክሴል ተከተሉ፤ በ1940ና በ1941 ደግሞ በህንድ አገር በቦምቤ ታተመ። ሁሉም ግን 1780 ይላል። እስከ ዛሬ የታተመው በጠቅላላው ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ስለዚህ ጠገራ ሁሉ ብርቅ ነው የሚለውም እምነት ከዚህ አኃዝ ፊት ብዙ አይቆምም። በእውነት በንግሥቲቱ ዘመነ መንግሥት የታተሙትን የሚሻ ሰው የሚያስተውለው፣ ከ1780 በፊት የሆነ ዓመት የተቀረጸባቸውን ነው፤ እነዚያ ወደኛ አገር እምብዛም አልደረሱም።

ይህን ለኮኪቱ ሽማግሌ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የዚያው የቆላው የራሱ ታሪክ ነው። በ1932 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ፣ ኢጣሊያ ሱዳን ውስጥ ያለችውን ገላባትን ይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመራው አነስተኛ ጓድ በዚሁ ጠረፍ ሾልኮ ወደ ጎጃም አርበኞች ሲገባ፣ በቅሎውንና ስንቁን የሚገዛበት ጠገራ ጭኖ ነበር፤ ከዚያም ጥር 12 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ ራቅ ብሎ በስተደቡብ በኦሜድላ ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ በየመንደሩ የተከፈለው ገንዘብ ይኸው ነበር። ስለዚህ ከጦር ሜዳ አፈር የወጣ ጠገራ ሁሉ የ1881 አይደለም፤ በመተማ ዙሪያ አንድን መሬት ሁለት ጦርነት ረግጦታል፤ በዚያ የተገኘው ብርም አንድም የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ደመወዝ፣ አንድም ከቦምቤ ገና በስድስተኛ ወሩ የደረሰ የአርበኞች ስንቅ መግዣ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያል? በዓመቱ አይለይም። ዐዋቂዎቹ በአጉሊ መነጽር የሚያመሳክሩት በትከሻዋ ያለውን ጌጥ፣ የዕንቍዎቹን ብዛት፣ የባለ ሁለት ራሱን ንስር የጅራት ላባና የፊደላቱን አቀማመጥ ነው፤ ከመልኳ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት እንኳ፣ ብዙ ሰው የአንድ አገር ስም አድርጎ የሚተረጕማቸው፣ በጉንትስቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት የሁለት ሹማምንት፣ የሾበልና የፋቢ፣ ስም መጀመሪያዎች ናቸው። የጥንት ነጋዴዎቻችን መነጽር ባይኖራቸውም ዕንቍዎቹን በጣታቸው ይቈጥሩ ነበር፤ ነጥቦቹ ጠፍተው ወይም ደብዝዘው ሲያገኙ ብሩ ሙሉ ክብደት ቢኖረውም እንኳ አንቀበልም ይሉ ነበር። ዐረቦቹ ደግሞ ከመልኳ ይልቅ ንስሩን ተመልክተው «አቡ ጠይር»፣ ባለ ወፉ፣ ብለውታል፤ አንዳንዶቹም የፈረንሳይ ሪያል ይሉታል፣ ፈረንሳዮች ግን አልፈጠሩትም።

በአሜሪካ የጥንት የሥዕል ተረት መጽሔቶችን የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ያለ አንድ ነገር ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ሱፐርማን የተባለው ጀግና መጀመሪያ የታየበት፣ በ1938 በዐሥር ሳንቲም የተሸጠው የአክሽን ኮሚክስ ቍጥር አንድ ዛሬ በሚሊዮኖች ዶላር የሚሸጥ ነው፤ ይህንኑ መጽሔት አሳታሚው በ1974 በትልቅ ገጽ እንደ ገና ሲያትመው፣ የላይኛው ሽፋኑ ከተገነጠለ የውስጡ ሽፋን የ1938ን መልክ፣ ቀንና ዋጋ ይዞ ይቀራል፤ በዚያ የተታለሉ ብዙዎች ናቸው። ልዩነቱ፣ የእነርሱ መጽሔት በገጹ ስፋት ሲጋለጥ፣ የእኛ ብር ግን ከዋናው ጋር በመጠን አንድ መሆኑ ነው፤ ሐሰት ነው ለማለትም አይቻልም፣ በሕግ በታተመ ማኅተም የተመታ እውነተኛ ብር ነውና።

የራሴን ጥፋት እዚህ ላይ መናዘዝ ይገባኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት የገዛሁት ጠገራ እንደ ጥላ የጠቈረ፣ በፊደላቱ ጥግ ሰማያዊና ሐምራዊ ጥላ ያረፈበት ነበር፤ የሠርግ ዕለት እንደሚታጠብ ጌጥ በአመድና በሎሚ ፈትጌ ፈትጌ አነጣሁት፤ በርግጥ አበራ። አንድ ልምድ ያለው ሰብሳቢ አይቶ «ምን በደለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የነቃሁት፤ አመዱ በብሩ ገጽ ላይ በዐይን ብቻ የማይታዩ ሺሕ ጭረቶችን ጥሎበታል፤ ያ ጥቁረት ብሩ ከአየር ጋር በተገናኘበት ዘመን ያፈራው ቀጭን ልብስ ነበር፣ እንደ ገና አይለብሰውም። በኮኪትም በሌላውም ቦታ የሚሸጥ ሰው ብሩን ከማሳየቱ በፊት የሚያነጣው ዋጋ የጨመረ እየመሰለው ነው። በአንገት ሐብል ላይ ለመንጠልጠል ጆሮ የተበየደበትን ብር በሚመለከት ግን አሳቤ ከሌሎች ይለያል፤ የሳንቲም ሰብሳቢው ጕድለት ነው ይለዋል፣ እኔ ግን የእናቶቻችን አንገት የጻፈበት ሁለተኛ ታሪክ ነው እላለሁ፣ ባገኘሁም ጊዜ ከነጆሮው አስቀምጠዋለሁ።

የእኛው ሳንቲምም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሳተሙት ብር ፲፰፻፹፯ የሚል ግእዝ አኃዝ ይዟል፤ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን በራሳቸው ዘመን አንብበው ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሳሳቱ ማየት የተለመደ ነው። ከዚህም ይብስ፣ በ፲፱፻፴፮ የተጻፈው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቀኑ ሳይለወጥ ታትሟል፤ ታዲያ በ1960ዎቹ የወጣውን አምስት ሳንቲም ከጦርነቱ ዘመን የቀረ ነው ብሎ በብርጭቆ ሣጥን የሚያስቀምጥ ሰው፣ ማርያ ቴሬዛን ለፈረንጅ ትቶ የራሱን ቤት ይመርምር።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው በመለየት ረገድ የሚነገሩት ብልሃቶች አብዛኞቹ አይረዱም። ማግኔት ብርን አይስብም፣ እውነት ነው፤ ናስንም እርሳስንም ግን አይስብም። በድንጋይ ላይ ጥሎ ጩኸቱን መስማት ጆሮ ለሰለጠነ ሰው ይጠቅማል፣ ለእኔ ግን በገበያ ጫጫታ ውስጥ አይሆንልኝም። ጠርዙን መመልከት ይሻላል፤ ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ በከፍታ ተቀርጾበታል፤ ይህም በጥንት ጊዜ ሰው ጠርዙን በሞረድ እየፋቀ ብሩን እንዳያቀልለው የተደረገ ነው። በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስ ሐሰተኛ ብር ይህን ጽሑፍ ደብዛዛ አድርጎ ወይም ከነስፌቱ ይዞ ይገኛል።

በዚያ ማለዳ ከሽማግሌው ጋር ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ቤት ገባን። በትንሹ ሚዛን ላይ ብሩ 28 ግራም ገደማ መዘነ፤ ወርቅ የምንመዝንበት ወቄትም መለኪያው የአንድ ጠገራ ክብደት ነበረና፣ ይህ አልደነቀውም። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ጽዋ በሚዛኑ ላይ አኖርን፣ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለስነው፣ ብሩን በክር አንጠልጥለን ጽዋውን ሳይነካ በውኃው ውስጥ ሰቀልነው። ከመቶው እጅ 83ቱ ብር፣ የቀረው መዳብ የሆነ ብረት ከውኃው ዐሥር እጅ በጥቂት የሚበልጥ ክብደት አለውና፣ ሚዛኑ በ2.7 እና በ2.8 ግራም መካከል መቆም አለበት፤ ናስ ቢሆን ከሦስት ያልፍ ነበር። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ሚዛኑ 2.75 ላይ ቆመ።

«ታዲያ ምን አለ?» አሉ ሽማግሌው።

«እውነተኛ ብር ነው፣ አባቴ፤ ዓመቱን ግን አይናገርም።»

ስለ ቪየናና ስለ ቦምቤ፣ ስለ አጤ ዮሐንስም፣ ስለ ሳንፎርድም ነገርኋቸው፤ ወርቅ ሠሪውም ለብሩ የሚከፍለውን በክብደቱ ነገራቸው። ሁለቱንም ሰምተው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁት፣ ቋጠሩትም፤ «የአባቴ ቃል ይቅደም፣» ብለው ሰሊጣቸውን ሊያስመዝኑ ወጡ።