አንድ ዓመት የተጠበቀ ፍጻሜ

በእግር ኳስ ዓለም ደጋፊ በአፍ ብዙ ይወደሳል፤ ውሳኔ ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚደመጠው ገንዘብ ነው። የጨዋታ ሰዓት ለቴሌቪዥን ሲባል ይገፋል፣ የትኬት ዋጋ ይሰቀላል፣ ዋንጫ ወደ ሩቅ አገር ተወስዶ ይደረጋል። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር የሚገኙት አትሌቲክ ቢልባኦና ሪያል ሶሴዳድ ግን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለንጉሡ ዋንጫ ለኮፓ ዴል ሬይ ፍጻሜ ደርሰው፣ ያለ ደጋፊ ከመጫወት መጠበቅን መረጡ። ይህ ጨዋታ በጎሉ ብዛት አይታወስም። መታወስ ያለበት ግን ይመስለኛል።

መጀመሪያ ባላንጣዎቹን እንወቃቸው። ቢልባኦና ሳን ሴባስቲያን የሚራራቁት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቢልባኦ ብረት የቀለጠባት፣ መርከብ የተሠራባት የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ሳን ሴባስቲያን ደግሞ የስፔን ነገሥታት ሳይቀሩ ለእረፍት ይወርዱባት የነበረች የባሕር ዳርቻ ከተማ። አትሌቲክ እ.ኤ.አ. በ1898 ተመሠረተ። የሚያሰልፈው በባስክ ምድር የተወለደ ወይም ኳስን እዚያው የተማረ ተጫዋች ብቻ ነው። በዚህ ደንብ ታጥሮ ከዋናው ሊግ አንድም ጊዜ አልወረደም፤ ከእሱ ሌላ ይህን ማለት የሚችሉት ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ብቻ ናቸው። ደንቡ የዘር አጥር እንዳይመስላችሁ፤ አጥቂው ኢኛኪ ዊሊያምስ ከጋና ከተሰደዱ ወላጆች ቢልባኦ ውስጥ የተወለደ ነው።

በ1909 የተመሠረተው ሪያል ሶሴዳድም ለአሥርታት በባስክ ልጆች ብቻ ሲጫወት ቆይቶ በ1989 አየርላንዳዊውን ጆን አልድሪጅን ከሊቨርፑል አስመጥቶ በሩን ከፈተ። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ክለቦች የስፔንን ሊግ ለአራት ተከታታይ ዓመታት በእጃቸው አስገብተዋል፤ ሁለቱን ሶሴዳድ፣ ቀጥሎ ሁለቱን አትሌቲክ።

ፉክክሩ ብርቱ ነው። አንዱ የሌላውን ተጫዋች ሲወስድ ከተማ ይቆጣል። ነገር ግን ከፉክክሩ በላይ የሆነ አንድ ትልቅ ነገር፣ ባስክነት፣ ያስተሳስራቸዋል፤ ይህን ለመረዳት ወደ ዲሴምበር 5 ቀን 1976 መመለስ ያስፈልጋል። አምባገነኑ ፍራንኮ ከሞተ ገና አንድ ዓመት አልፎታል፤ ኢኩሪኛ የሚባለው የባስክ ባንዲራ ግን አሁንም የተከለከለ ነው። በዚያ ቀን በሳን ሴባስቲያኑ አቶቻ ስታዲየም የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች፣ የሶሴዳዱ ኢናሲዮ ኮርታባሪያና የአትሌቲኩ ግብ ጠባቂ ሆሴ አንሄል ኢሪባር፣ ያንኑ ባንዲራ ጫፍና ጫፍ ይዘው ወደ ሜዳው ገቡ። ባንዲራውን በድብቅ የሰፋችው የአንድ የሶሴዳድ ተጫዋች እህት ነበረች። እስር ሊያስከትል የሚችል ድርጊት ነበር፤ ተመልካቹ ግን አጨበጨበ፣ አለቀሰ። በቀጣዩ ወር መንግሥት ባንዲራውን ፈቀደ። ጨዋታውን ሶሴዳድ 5 ለ 0 አሸነፈ፤ ዛሬ ግን ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ ውጤቱን የሚያነሳው በመጨረሻ ነው።

ወደ ፍጻሜው እንምጣ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2020 ምሽት፣ በሩብ ፍጻሜው፣ ባስኮች ሁለቱን የስፔን ኃያላን በአንድ ሌሊት ጣሏቸው። ሶሴዳድ ሪያል ማድሪድን በሜዳው በበርናባው 4 ለ 3 ረታ፤ ከጎሎቹ ሁለቱን ያገባው ከኤርትራውያን ወላጆች በስዊድን የተወለደው አሌክሳንደር ኢሳክ ነበር። በኋላ አርሰናል ውስጥ የምናውቃቸው ማርቲን ኦዴጋርድና ሚኬል ሜሪኖም አንድ አንድ አስቆጥረዋል። አትሌቲክ ደግሞ ባርሴሎናን ዊሊያምስ በጭማሪ ሰዓት ባገባት ጎል 1 ለ 0 ሸኘ። ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተገናኙ። ሁለት የባስክ ክለቦች ለዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርሱ ከ1927 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ቀኑ ተቆረጠ፤ ኤፕሪል 18፣ ሴቪያ፣ ላ ካርቱሃ ስታዲየም። ኮሮና መጣና አገር ተዘጋ። ሊጉ በባዶ ስታዲየም ሊቀጥል ሲዘጋጅ፣ ሁለቱ ክለቦች ከፌዴሬሽኑ ጋር ተስማምተው ፍጻሜው ደጋፊ እስኪፈቀድ እንዲቆይ አደረጉ። ይህ በነጻ የመጣ ውሳኔ አልነበረም። ዋንጫውን የሚያነሳ ቡድን ዩሮፓ ሊግ ይገባ ነበር፤ ፍጻሜው በጊዜው ካልተደረገ ግን ቦታው በሊጉ ደረጃ ይሰጣል። ሶሴዳድ ስድስተኛ ሆኖ በሊጉ በኩል ገባ። አትሌቲክ 11ኛ ሆኖ ጨረሰና ውጭ ቀረ። ክለብ ለደጋፊው ሲል የአውሮፓ መድረክ ዕድሉን አሳልፎ የሰጠበት ሌላ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም።

ዓመቱ አለፈ፣ በሽታው ግን አላለፈም። ይባስ ብሎ አትሌቲክ ለ2021ም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ የቆየው ጨዋታ ከዚያ በፊት መደረግ ነበረበት። ኤፕሪል 3 ቀን 2021፣ በፈረንጆቹ ፋሲካ ዋዜማ፣ ላ ካርቱሃ ውስጥ አንድም ደጋፊ ሳይኖር ኳሱ ተመታ።

የመጀመሪያው አጋማሽ በጥንቃቄ አለፈ። ከእረፍት መልስ ሜሪኖ ከኋላ የላካትን ኳስ ተከትሎ የሶሴዳዱ ፖርቱ ወደ ሳጥኑ ሲገባ የአትሌቲኩ ተከላካይ ኢኒጎ ማርቲኔዝ ጠልፎ ጣለው። ይህ ተከላካይ በሶሴዳድ አድጎ በ2018 በ32 ሚሊዮን ዩሮ ወደ አትሌቲክ የሄደው ነው፤ በሌላ በኩል የሶሴዳድን ግብ ይጠብቅ የነበረው አሌክስ ሬሚሮ ከአትሌቲክ የመጣ ነበር። ዳኛው መጀመሪያ ያወጡትን ቀይ ካርድ ምስሉን ካዩ በኋላ ወደ ቢጫ ለወጡት፤ ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን ጸና። በ63ኛው ደቂቃ የሶሴዳዱ ሚኬል ኦያርዛባል አስቆጠረ። 1 ለ 0። ከ1987 ወዲህ የሶሴዳድ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ሆነ። አሰልጣኙ ኢማኖል አልጉአሲል፣ ራሳቸው ለክለቡ የተጫወቱ የልብ ደጋፊ፣ የጋዜጣዊ መግለጫቸውን መጨረሻ መለያና ስካርፕ ለብሰው በደጋፊ ጩኸት ዘጉት።

አትሌቲክ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛውን ፍጻሜ በባርሴሎና 4 ለ 0 ተሸነፈ። ካሳውን ያገኘው በ2024 ነው፤ በዚያው ስታዲየም ማዮርካን በመለያ ምት ረትቶ ከ40 ዓመት በኋላ ኮፓውን ሲያነሳ፣ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን በጀልባ ጭነው በነርቪዮን ወንዝ ሲያልፉ ሕዝቡ ዳርና ዳሩን ሞላው። ሶሴዳዶች በ2021 ያንን ዓይነት ቀን አላገኙም። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

መጠበቁ ከንቱ ቀረ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ደጋፊው በመጨረሻ ባይገባም እሱን የሚያስቀድም ውሳኔ ሁለት ክለቦች ዋጋ ከፍለው ወስነውለታል፤ ትክክልም ነበሩ። ሁለቱ በላሊጋ በየዓመቱ ይገናኛሉ። የባስክ ደርቢ ሲተላለፍ ጎሉን ብቻ አትጠብቁ፤ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ሰማያዊና ነጭ የለበሰው የሶሴዳድ ደጋፊ ከቀይና ነጭ ለባሹ የአትሌቲክ ደጋፊ ጎን፣ አጥር ሳይለያቸው ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ እነሱንም ተመልከቱ።