የሞተር ጀልባ ምቾትና ደህንነት በቅርጹና በሚዛኑ ይወሰናል

አንድ የሞተር ጀልባ በማዕበል ላይ የሚኖረው ምቾትና ደህንነት በሞተሩ ጉልበት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ይበልጥ ወሳኝ የሆኑት ውሃ የሚነካው የታችኛው አካሉ ቅርጽና በጉዞ ወቅት የሚኖረው ሚዛን ናቸው። ቅርጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ በቀላሉ የሚለወጥ ባይሆንም፣ ሚዛኑ ግን በየጉዞው በነጂው እጅ የሚገኝ ነው።

የሞተር ጀልባዎች በአካላቸው ቅርጽ በሁለት ዐበይት ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ውሃውን እየገፉ የሚጓዙ ሲሆኑ፣ ፍጥነታቸው በርዝመታቸው የተገደበ ነው። ለምሳሌ ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 11 ሜትር የሆነ ጀልባ በአግባቡ የሚጓዘው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ቢገፋ ራሱ የፈጠረውን ማዕበል ለመውጣት ስለሚታገል ነዳጁ ይባክናል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ ፍጥነታቸው ሲጨምር በውሃው ግፊት ወደ ላይ ተነስተው በገጹ ላይ የሚንሸራተቱ ናቸው።

ከተንሸራታቾቹ መካከል ታችኛው አካሉ ዝርግ የሆነው ጀልባ በአነስተኛ ጉልበት ፈጥኖ የሚነሳ ቢሆንም፣ ማዕበል ሲያጋጥመው በኃይል ይላተማል። በአንፃሩ እንደ ሽብልቅ ወደ ታች የሾለው ጀልባ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ ምቱ ይለዝባል። ሆኖም ተጨማሪ ጉልበትና ነዳጅ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ በቆመበት ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ይበልጥ ይዋልላል።

የሾለው ቅርጽ ጠቀሜታ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 ከማያሚ ወደ ናሶ በተካሄደው የሞተር ጀልባዎች ውድድር ነው። አሜሪካዊው ሬይ ሀንት የነደፈውና በሪቻርድ በርትራም የተመራው “ሞፒ” የተሰኘው ጀልባ ከባድ ማዕበል በነበረበት ባሕር ጉዞውን በ8 ሰዓት ገደማ አጠናቆ አሸንፏል። የጀልባው ሁለት ጎኖች ከአግድም መስመር 24 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያዘነበሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ይኸው ንድፍ በፈጣን ጀልባዎች ሥራ በስፋት ተሠራጭቷል።

ይሁን እንጂ መልካም ንድፍ ሚዛኑ ካልተጠበቀ ጥቅም አይሰጥም። ተንሸራታች ጀልባ በአብዛኛው የተሻለ የሚጓዘው አፍንጫው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያህል ቀና ሲል ነው። ከመጠን በላይ ከተነሳ የነጂው እይታ ይጋረዳል፤ ጀልባውም ይዘላል። ማዕበሉ ከፊት ሲመጣ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ የሾለው ክፍል ውሃውን እንዲሰነጥቅ ያግዛል። ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ ግን አፍንጫውን ቀና ማድረግ ተገቢ ነው። ያለበለዚያ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ተቀርቅሮ ጀልባው በድንገት ወደ ጎን ሊዞርና ሊገለበጥ ይችላል።

ነጂው ሚዛኑን የሚያስተካክለው በጀልባው ኋላ በማጠፊያ በተያያዙ ሁለት ዝርግ ሰሌዳዎች ነው። ሰሌዳዎቹ ዝቅ ሲሉ የጀልባው ኋላ ይነሳል፤ አፍንጫውም ይወርዳል። የነዳጅ፣ የዕቃና የተሳፋሪዎች አቀማመጥም የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነው። የሾለ ጀልባ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ማዕበሉን የሚገጥመው በስለቱ ሳይሆን በጎኑ ዝርግ ገጽ በመሆኑ የተሠራለትን ጥቅም ያጣል።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በፈጣን ጀልባ ላይ የሚደጋገም ምት የጀርባ አጥንትን ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ሠራተኞች በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ለሚደርስባቸው መላ አካልን የሚያናውጥ ንዝረት ጣሪያ አስቀምጧል።

ስለሆነም ለቁጥጥርም ሆነ ለነፍስ አድን ተግባር ጀልባ የሚገዛ መሥሪያ ቤት የሞተሩን ጉልበት ብቻ መመልከት አይኖርበትም። ከርክክብ በፊት ጀልባው ሙሉ ጭነቱን ይዞ በማዕበል ላይ ሊፈተሽ፣ ነጂዎችም ስለ ሚዛን አጠባበቅ በቂ ሥልጠና ሊያገኙ ይገባል።