ውጭ የሚተከል የእንጨት ቦይለርን ከነባር የቤት ማሞቂያ ጋር ማገናኘት፤ ሙቀቱ ሲሻገር ውኃው ለምን አይሻገርም?

በሰሜናዊ የአሜሪካ ግዛቶች፣ በተለይም በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲን፣ በቬርሞንትና በሜይን ገጠሮች፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ፣ አጭር ጭስ ማውጫ ያለው የቆርቆሮ ጎጆ የሚመስል ነገር ማየት የተለመደ ነው። ጎጆ የሚመስለው ይህ ነገር ውጭ የተተከለ የእንጨት ቦይለር ነው። በውስጡ ሰፊ የእሳት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑንም ብዙ መቶ ሊትር ውኃ የያዘ ጋን ይከብበዋል። እሳቱ ውኃውን እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያሞቀዋል፤ ፓምፕ የሞቀውን ውኃ ከመሬት በታች በተቀበረ ቧንቧ ወደ ቤቱ ይልካል፤ ሙቀቱን ያስረከበው ውኃም በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። ባለቤቱ ከራሱ ደን የቆረጠውን እንጨት ያነዳል፤ አመዱና ፍሙ ከቤት ውጭ ይቀራሉ።

ነገር ግን ቤቱ ቀድሞውኑ በነዳጅ ወይም በጋዝ የሚሠራ ቦይለርና ራዲያተሮች አሉት። ሁለቱም በውኃ የሚሠሩ በመሆናቸው ቧንቧን ከቧንቧ ማያያዝ የሚበቃ ይመስላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ነው።

የቤቱ ሥርዓት ዝግ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ሳለ ግፊቱ ከከባቢ አየር በላይ 1 ባር ገደማ ሲሆን፣ 2 ባር ሲደርስ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ ይጠብቀዋል። ውጭ ከሚተከሉት ቦይለሮች አብዛኞቹ ግን ክፍት ናቸው፤ ጋናቸው በመተንፈሻ ቀዳዳ ከአየር ጋር ይገናኛል። ይህ ክፍትነት ጉድለት ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ እንጨት እንደ ጋዝ በአንድ ቅጽበት ስለማይጠፋ፣ ውኃው ቢፈላ እንፋሎቱ መውጫ ሊኖረው ይገባል።

ሁለቱ በቀጥታ ቢገናኙ የቤቱ ግፊት ውኃውን በመተንፈሻው በኩል ወደ ሜዳ ይገፋዋል፤ ግፊት ሲጎድል ውኃ የሚጨምረው ቫልቭም ያለማቋረጥ ቀዝቃዛ ውኃ ያስገባል። ቫልቩ ቢዘጋ እንኳ ችግሩ አይወገድም። የፎቁ ራዲያተሮች ከውጭው ጋን 5 ሜትር ከፍ ካሉ፣ ያ የውኃ ዓምድ ብቻውን ግማሽ ባር የሚጠጋ ግፊት ስላለው ወደ ታች ወርዶ ጋኑን ያስተርፋል፤ በላይኛው ቧንቧም አየር ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ኦክስጅን ነው። ከአየር ጋር የሚገናኝ ውኃ ኦክስጅንን በየጊዜው እየሟሟ ይዞ ስለሚገባ፣ በዝግነቱ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ሳይዝግ የቆየውን ብረት መብላት ይጀምራል።

መፍትሔው በሁለቱ መካከል የሚቆም ባለ ዝርግ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ስስ የማይዝግ ብረት ዝርጎች ተደራርበው የተበየዱበት ሲሆን፣ በአንዱ ክፍተት የውጭው ውኃ፣ በቀጣዩ የቤቱ ውኃ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳሉ። በዚህ ተቃራኒ ፍሰት ምክንያት ከአስተላላፊው የሚወጣው የቤት ውኃ ገና ከሚገባው የውጭ ውኃ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያንሳል። ቤቱ የሚሞቀው በአየር መተላለፊያ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ እንደ መኪና ራዲያተር ያለ ዕቃ በመተላለፊያው ውስጥ ይገባል።

መጠኑን መወሰን ስሌት ይፈልጋል። በብርቱ ቅዝቃዜ 20 ኪሎዋት የሚፈልግ ቤት ይታሰብ። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ ውኃው በ10 ዲግሪ ቀዝቅዞ እንዲመለስ ከተፈለገ በደቂቃ 29 ሊትር ገደማ መፍሰስ አለበት። ገንዘብ ለመቆጠብ ቀጭን ቧንቧ ቢቀበርና ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ያንኑ ሙቀት ለማድረስ ውኃው በ20 ዲግሪ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ይህ በሁለቱም ጫፍ ይጎዳል። በቤቱ በኩል የውኃው አማካይ ሙቀት ከ75 ወደ 65 ዲግሪ ቢወርድ፣ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ ያለ ራዲያተር ይሰጥ ከነበረው ሙቀት ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። በቦይለሩ በኩል ደግሞ ተመላሹ ውኃ ከ60 ዲግሪ በታች ሲሆን የእሳት ሣጥኑ ብረት ያልበዋል፤ የጭሱ እርጥበትና ቅጥራን በላዩ ይረጋል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ይህን ለመከላከል ሞቅ ያለ ውኃ ከተመላሹ ጋር የሚቀላቅል ባለ ቴርሞስታት ቫልቭ ይገጠማል።

የተቀበረው ቧንቧም ብዙ ቤቶች የሚከስሩበት ቦታ ነው። በላላ መጠቅለያ የተሸፈነ ቧንቧ የከርሰ ምድር ውኃ ከገባበት ሙቀቱን ለአፈሩ ያስረክባል፤ በክረምት በረዶው በቧንቧው መስመር ላይ ብቻ ቀልጦ ሣሩ ሲታይ፣ ባለቤቱ እንጨቱ የት እንደሚሄድ በዓይኑ ያያል። ቧንቧውን አጣብቆ የያዘና ውኃ የማያስገባ የፖሊዩሬቴን አረፋ ዋጋው ውድ ነው፤ ቢሆንም በዚህ ላይ መቆጠብ የሚያዋጣ አይደለም።

አስተላላፊው ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ውኃ ወደ ነባሩ ቦይለር በሚመለስበት መስመር ላይ ነው። ውኃው ሞቆ ሲደርስ የነባሩ ቦይለር ቴርሞስታት እሳት አያስነሳም፤ እንጨቱ ሲያልቅና ውኃው ሲበርድ ነዳጁ በራሱ ይነሣል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ሙቀት አስተላላፊ አቅጣጫ አይመርጥም። የውጭው እሳት ጠፍቶ ፓምፑ መዞሩን ከቀጠለ፣ በቤት ውስጥ በነዳጅ የሞቀው ውኃ ሙቀቱን ለውጭው ጋን እየሰጠ፣ በሜዳ የቆመውን ብዙ መቶ ሊትር ውኃ ያሞቃል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከነዳጅ ሂሳቡ ነው። ፓምፑን ማቆም ደግሞ በሚኒሶታ ጥር ውስጥ ጋኑና ቧንቧው በረዶ ሆነው እንዲሰነጠቁ መፍቀድ ነው። ቤቱን ትቶ ለሚጓዝ ሰው ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንዱ ግላይኮል የተባለውን ውኃ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል ፈሳሽ በውጭው ሥርዓት ጨምሮ፣ የውጭው ውኃ ሲበርድ ፓምፑን የሚያቆም በሙቀት የሚሠራ ማጥፊያ መግጠም ነው፤ ሌላው ጥቂት የነዳጅ ሙቀት ወደ ውጭ እንዲያልፍ ሆን ብሎ መተው ነው። ግላይኮል ከውኃ ያነሰ ሙቀት ስለሚሸከም የመጀመሪያው መንገድም ያለ ዋጋ አይደለም፤ ቢሆንም ለብዙ ቀናት ባዶ ለሚሆን ቤት ይሻላል።

ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ቦይለር መግዛትም መዘዝ አለው። ቤቱ ሙቀት ሳይፈልግ የአየር ማስገቢያው ስለሚዘጋ እንጨቱ ሳይነድ ይጨሳል፤ ጎረቤትን የሚያስመርረው ወፍራም ጭስ በአመዛኙ የሚመጣው ከዚህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ለአዳዲስ ቦይለሮች የጭስ ብናኝ ወሰን አስቀምጧል፤ ከግንቦት 2020 ጀምሮም ወሰኑ ጠብቋል። ደንቡ ግን ቀድመው የተተከሉትን አይነካም።

ግንኙነቱ ተጠናቆ ሥራ ሲጀምር በአስተላላፊው አራት መግቢያና መውጫዎች ላይ ቴርሞሜትር ማኖርና የመጀመሪያዎቹን ንባቦች መዝግቦ መያዝ ይገባል። ፍሰቱ ሳይቀየር በሚገባው የውጭ ውኃና በሚወጣው የቤት ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ከዓመት ዓመት እየሰፋ ከሄደ፣ ዝርጎቹ በዝቃጭ ተሸፍነዋልና አስተላላፊው ተፈትቶ ይታጠባል።