ጭቃ ያልበገራት መኪና

ፈረስ በሜዳ ሲጋልብ ያምራል። ጎበዝ ፈረስ የሚለየው ግን በዳገትና በማጥ ነው። መኪናም እንደዚሁ ናት። ዛሬ ስለ አንዲት የጃፓን መኪና እንነግራችኋለን። ስሟ ዳትሰን 240 ዜድ ይባላል።

ይህችን መኪና የሠራው ኒሳን የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው። ለገበያ የወጣችው በ1962 ዓ.ም. ነው። አፍንጫዋ ረጅም ነው፤ ከመሬት ዝቅ ያለች ናት፤ የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ክብደቷ ከ10 ኩንታል ጥቂት ቢያልፍ ነው። የሞተሯ ኃይል ግን ወደ 150 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ቀላል አካልና ብርቱ ሞተር ሲገናኙ ፍጥነት ይገኛል።

ስትታይ ለአስፋልት ብቻ የተሠራች ትመስላለች። ስሟ የገነነው ግን በጭቃ ላይ ነው። የት? በጎረቤታችን በኬንያ።

በኬንያ ሳፋሪ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር አለ። የተጀመረው በ1945 ዓ.ም. ነው። በ1960ዎቹ ጉዞው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከቢቸና አዲስ አበባ ስምንት ጊዜ ደርሶ መልስ ቢሄዱ እንኳ ይህን ያህል አይሞላም። ውድድሩ የሚደረገው በፋሲካ ሰሞን ነበር። ያ ጊዜ በኬንያ ዝናብ የሚበረታበት ነው። የዚያ አገር ጥቁር አፈር እንደ እኛ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ጎማ ይውጣል።

የራሊ ሕግ እንዲህ ነው። መኪኖቹ ባንድነት አይለቀቁም፤ ተራ በተራ ይነሣሉ። በየመንገዱ የቁጥጥር ጣቢያ አለ። ወደ ጣቢያው የዘገየ ሰው በደቂቃ እየተቆጠረ ይቀጣል። በዚያ ዘመን በመጨረሻ ቅጣቱ ያነሰው ያሸንፍ ነበር። ስለዚህ መሮጥ ብቻውን አይበቃም። ሳይሰበሩ መድረስ ያስፈልጋል።

በ1963 ዓ.ም. ኤድጋር ኸርማን 240 ዜድን ነድቶ አንደኛ ወጣ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሸካር ሜህታ በዚችው ዓይነት መኪና ተወዳደረ። እሱና ሌላ የዳትሰን ነጂ እኩል ቅጣት ይዘው ጨረሱ። ታዲያ እንዴት ተለዩ? ከመነሻው አንስቶ ያለ ቅጣት ርቆ የተጓዘው ማን እንደሆነ ታየ። ሜህታ ሆኖ ተገኘና አሸነፈ። በኋላም ከ1971 እስከ 1974 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ጊዜ አሸንፏል።

መኪናዋ ሁለት ሰው ትይዛለች ብለናል። አንዱ ይነዳል። ሁለተኛውስ ምን ይሠራል? ያነባል! ካርታ፣ የመንገድ ማስታወሻና ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። «ድልድይ አለ፤ ቀስ በል! አሁን ወደ ግራ!» እያለ ይናገራል። ነጂው ዓይኑን ከመንገድ ማንሣት አይችልም። ስለዚህ ያንባቢውን ቃል አምኖ ይሄዳል። አንዲት ቁጥር ተሳስታ ብትነበብ መኪናዋ ገደል ልትገባ ትችላለች። በ1963 ያነበበው ሃንስ ሹለር ነው፤ በ1965 ያነበበው ሎፍቲ ድሩስ ነው። ስማቸው ከነጂዎቹ ጋር በአሸናፊነት ተጽፏል።

በ1963 ዓ.ም. ያሸነፈችውን መኪና ኒሳን በጃፓን ጠብቆ አኑሯታል።

እናንተም ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ መንገድ ዳር የተተከለውን ምልክት አንብቡ። የቦታውን ስምና የቀረውን ኪሎ ሜትር ይነግራችኋል። ምልክቱ የተተከለው ለሾፌር ብቻ አይደለም፤ ማንበብ ለቻለ ሁሉ ነው።